ከእህቴ ዓይን ስር

ከዓይን ስር የሚወጣ ጥቁረት ጥሩ ሸቀጥ ነው። አይገድልም፣ አይድንም። የሚገድል በሽታ የያዘው ሰው ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ የሚድን በሽታ የያዘው አንዴ ገዝቶ ይጠፋል። የዓይኑ ስር የጠቆረበት ሰው ግን ጠዋት ጠዋት መስታወት ስለሚያይ ተመልሶ ይመጣል። ኦክላንድ ያለውን ሱቄን በርበሬና ሽሮ ብቻ ቢሸከሙት ኖሮ ድሮ ተዘግቶ ነበር። ያቆመው የክሬም መደርደሪያው ነው።

እኔ የተማርኩት ምን አለሽ ተራ ነው። እዚያ አሮጌ ቆርቆሮና ጣሳ ስሸጥ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ሰው የሚፈልገውን በአፉ ሳይሆን በእጁ እንደሚናገር ነው። ክሬም ፈላጊም እንደዚያው ነው። ይገባል፣ የማይገዛውን የምስር ከረጢት ያገላብጣል፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ያማርራል፣ ከዚያ ሌላ ሰው እስኪወጣ ይጠብቅና ጣቱን ከዓይኑ ስር ይልካል።

"ጋሼ፣ ለዚች ነገር ምን አለህ?"

እኔ አስቀድሜ አይቼዋለሁ። ሄይዋርድ መጋዘን የሚሠራው ልጅ የእንቅልፍ እጦት ነው፤ ሁለት ቀን ቢተኛ ይለቀዋል፣ ግን ሁለት ቀን የሚተኛበት ሺፍት የለውም። በጸደይ የሚመጡት የአበባ ብናኝ ያሳከካቸው ናቸው፤ ዓይናቸውን እያሹ በገዛ እጃቸው ያጠቁሩታል፤ የሚሻላቸው የአለርጂ ክኒን እንጂ ክሬም አይደለም። አባቱም አያቱም እንደዚያው የሆኑበት ሰው አለ፤ እሱን ምንም አያጠፋለትም፤ ውዱን ክሬም የምሸጠው ግን ለሱ ነው፣ ምክንያቱም ተስፋው ትልቅ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ቆዳው ይሳሳና ከስሩ ያለው የደም ስር ይታያል፣ ጉንጭ ወርዶ ጥላ ይሠራል። ትልልቆቹ እናቶች ሁሉንም በአንድ ስም ማድያት ይሉታል። እኔም አላርማቸውም፤ ደንበኛ ማረም የሱቅ ሥራ አይደለም።

መፍትሔውንም አውቃለሁ። ማንኪያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከትቶ ዓይን ላይ ማሳረፍ፣ የቀዘቀዘ የሻይ ከረጢት፣ ትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት፣ ፀሐይ መከላከያ መቀባት፣ ከሁሉም በላይ ዓይንን አለማሸት። ካፌይን ያለበት ክሬም ደግሞ እብጠቱን ለጥቂት ሰዓት ያሳንሰዋል፤ ለሠርግና ለኢንተርቪው ይበቃል። ይሄንን ሁሉ የምናገረው ግን ክሬሙ ከተገዛ በኋላ ነው። ነጻው ምክር ሲሠራ ምስጋናው ለክሬሙ ይሆናል።

ያላወቅኩት አንድ ዓይነት ነበር። እሱ ደግሞ የመጣው ከገዛ እህቴ ፊት ላይ ነው።

እህቴ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። ሳን ሆዜ ትኖራለች፣ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። አንዲት ልጅ አለቻት፤ እዚህ ተወልዳ ያደገች፣ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ አፖይንትመንት የምትይዝ፣ አማርኛውን ሰምታ በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ። እኔ እሑድ እሑድ መኪናዬን ጭኜ ሳን ሆዜ እወርዳለሁ፤ ቅዳሴ ሲያልቅ ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ እሸጣለሁ፤ ከዚያ ምሳ እህቴ ቤት ነው። ለዓመታት እንደዚህ ነው የኖርነው።

ከዓይኗ ስር ጥቁረቱን ያየሁት በመስከረም ነው። ፊቷም አመድ አመድ ይል ጀመር። ቤቷ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃውን ስንወጣ መሃል ላይ ቆም ትልና የጎረቤቱን አበባ የምታይ ትመስላለች። ጎረቤቱ ያለው አንድ የደረቀ ቁልቋል ነው። ከዚያ ደግሞ በረዶ መብላት አመጣች። ከማቀዝቀዣው በብርጭቆ እየሞላች፣ ቁጭ ብላ እንደ ቆሎ ትቆረጥመዋለች።

"እታለም፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"እኔ እንጃ፤ ያምረኛል።"

"አምሮት! በስልሳ ዓመትሽ? ማን ነው አባትየው?"

"ወግድ አንተ፣ ባለጌ!" ብላ በጨርቅ መታችኝ። ሳቀችና መልሳ ትቆረጥም ጀመር። ያን ቀን ከሳቅንበት በኋላ በረዶው የቤቱ ቀልድ ሆነ። እንግዳ ሲመጣ እኔ ነበርኩ ብርጭቆውን ሞልቼ የማቀርብላት።

ታኅሣሥ ላይ፣ በነቢያት ጾም፣ ምሳ በልተን ሻይ ስንጠጣ ልጅቷ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። በእንግሊዝኛ ብትናገር "እሺ እሺ" ብለን እንደምናልፋት ታውቃለች። ለካ አማርኛውን ስታዘጋጅ ነበር የከረመችው።

"ማሚ ደም የላትም" አለች።

እህቴ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "ምን?"

"ክሊኒኩ ኮል አደረገ። የደም ቴስት። ደም... ትንሽ ነው። ደም አነሳት።"

እህቴ መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ሳቀች። እንባዋ እስኪወጣ ሳቀች። "አምስት ዓመት ሙሉ ደም ብዛት አለብሽ ብለው ክኒን ሲያስውጡኝ ከርመው፣ አሁን ደግሞ አነሰሽ? መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ይስማሙ እንጂ!"

"ሲቀንሱት እጃቸው ከብዶ ይሆናል" አልኩ እኔ። "በይ ነገ ደውይና ቧንቧውን ዝጉልኝ በያቸው።"

ልጅቷ አልሳቀችም። "ኖ፣ ጋሼ። ሌላ ነው። ደም ብዛት... ደም በዛ አይደለም።"

"ታዲያ ብዛት ምን ማለት ነው?" አልኳት። ጠበቃ ሆንኩባት።

አፏን ከፈተች፣ ቃሉን ፈለገች፣ አጣችው። "ፕሬዠር" አለች በመጨረሻ።

"ፕሬዠርማ ያው ደም ብዛት ነው!" አለች እናቷ፤ እንደገና ሳቅን።

አሁን ሳስበው ልጅቷ የተሸነፈችው በቃላችን ነው። እኛ በሽታውን ደም ብዛት ብለን ሰየምነው፤ ስሙን የሰማ ሰው የሚገባው ደም እንደ በዛ ነው። እናታችን በዚሁ ነው የሞተችው፤ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ መትቷት እዚያው ወደቀች፤ "ደሟ በዝቶ ጭንቅላቷን መታት" ነው የተባልነው። እህቴ የምትፈራው ነገር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ደሟ እንዳይበዛ ነው። ለዚች ሴት ነው እንግዲህ ደም የሚጨምር የብረት ክኒን ያዘዙላት።

እኔ ደግሞ ለማጠናከሪያ የጤፍን ነገር አመጣሁ። "ጤፍ የሚበላ ሰው ደም ያንሰዋል? ጤፍ እኮ ብረት ነው!" አልኩ። ይሄ ሱቄ ለሚመጡ ፈረንጆች የምናገረው የገበያ ወሬ ነው። ለሰው ስናገረው ስናገረው እኔው ራሴ ገዝቼው ኖሯል።

ክኒኑን ለአራት ቀን ዋጠችው። ሆዷን አሰራት፣ ሰገራዋን አጠቆረው። በአምስተኛው ቀን ደወለችልኝ። ደንበኛ ፊት ቆሜ ነበር።

"አንተ፣ ይሄ ክኒን ደሜን ጨምሮ እንደ እማማ እንዳያደርገኝ ፈራሁ። ምን ትላለህ?"

"ይቅርብሽ" አልኳት።

ያልኳት ይሄንኑ ብቻ ነው። ደንበኛው ቆሞ ስለነበር ስልኩን ቶሎ ዘጋሁት።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ከክሊኒኩ በፖስታ አንድ ካርቶን መጣላት። በእሷ ዕድሜ ላለ ሰው ሁሉ የሚላክ ምርመራ ነው፤ ትንሽ እንጨትና ትንሽ ጠርሙስ አለው፤ ሰገራሽን ነክተሽ መልሰሽ በፖስታ ላኪ ይላል። እህቴ ልጇ ስታስረዳት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

"በፖስታ? ስሜን ጽፌበት? ፖስተኛው እኮ ያውቀኛል፤ ጠዋት ጠዋት ሰላም የሚለኝ ሰውዬ ነው!"

"ማሚ፣ ኖርማል ነው።"

"ለናንተ!"

እኔ ምን አደረግኩ? ቀለድኩ። "ዕድሜ ልኬን ያልሸጥኩት ዕቃ የለም፣ ይሄንን ግን በፖስታ የሚቀበል ሀገር እስክመጣ አላየሁም" አልኩ። ካርቶኑ ማቀዝቀዣው ላይ ወጣ፤ ከዚያ በላዩ የጧፍ ከረጢት ተቀመጠበት። ልጅቷ ሁለት ሦስት ጊዜ አወረደችው፣ እናቷ መለሰችው። ወር ቆይተሽ ተመለሺ የተባለችበትንም አፖይንትመንት "ሺፍት አለኝ" ብላ ሰረዘችው። ልጅቷ ለኔ ደወለች። "ጋሼ፣ ፕሊስ ንገራት። አንተን ትሰማለች" አለችኝ። እነግራታለሁ አልኳት። አልነገርኳትም። ጥጋብ ነው ልበል? አይደለም። በቃ ነገሩ ትንሽ መስሎኝ ነው። ስንት የጠቆረ ዓይን ያየሁ ሰው ነኝ።

እኔ የያዝኩት የራሴን ሕክምና ነበር። ካፌይን ያለበትን ክሬም ሰጠኋት፤ አልሠራም። ቫይታሚን ያለበትን ሰጠኋት፤ አልሠራም። የለውዝ ዘይት፣ ቀዝቃዛ ማንኪያ፣ ሁለት ትራስ። ለደንበኛ ሁለት ጊዜ ያልሠራ ነገር ስሸጥ ሦስተኛ ጊዜ ራሴን እጠራጠራለሁ፤ ለእህቴ ግን በነጻ ስለምሰጣት ይመስለኛል አልተጠራጠርኩም። በዐቢይ ጾም ፊቷ ጭራሽ ሲብስ መሸፈኛ አመጣሁላት፤ ከቆዳዋ ቀለም ጋር አንድ የሆነ፣ ጥሩ ዕቃ። ፓርኪንጉ ላይ መኪና ውስጥ አስቀምጬ በጣቴ ራሴ ቀባሁላት። ዓይኗን ጨፍና እንደ ልጅ ፊቷን ሰጠችኝ።

ጉድ ነው ያማረባት። ከቅዳሴ ስትወጣ ሴቶቹ ከበቧት፤ "ምን ተገኘ? ወጣት ሆንሽ እኮ!" አሏት። እሷም ወደኔ እየጠቆመች "ወንድሜን ጠይቁት" አለች። በዚያ እሑድ ብቻ መሸፈኛው ከጠረጴዛዬ ላይ አለቀ። ከሁሉ የከፋው ግን የልጅቷ ነው። እናቷን አየቻት፣ ፊቷ በራ፣ "ማሚ፣ ዩ ሉክ ጉድ!" ብላ ሳመቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርቶኑን ማውረድ ተወች። እኛ የማንሰማውን ነገር የሚናገር አንድ ምልክት ነበር የቀረው፤ እሱንም እኔ በገዛ ጣቴ ቀብቼ አጠፋሁት።

ግንቦት ላይ ወደቀች። ከቅዳሴ በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ስትወርድ፣ ከኔ ጠረጴዛ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ዋጋ እየተከራከርኩ ነበር፤ አንዲት ሴትዮ የሻማ ዋጋ ቀንስልኝ እያለችኝ። ጩኸት ሰምቼ ስዞር ነጭ ነጠላ መሬት ላይ አየሁ። ሰው እንደ ሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ እህቴ እንደ ሆነች ደግሞ ጫማዋን ሳይ።

ሆስፒታል ነርሷ የፊቷን ላብ በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርግ መሸፈኛው አብሮ ወጣ። ከስሩ ያለውን አየሁት። ጥቁር አይደለም፤ ቡናማም አይደለም፤ የሞተ ቀለም ነው። ዶክተሩ ወጣት ነው። መጥቶ ሌላ ምንም ሳያይ በአውራ ጣቱ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ወደታች ሳብ አደረገው። ቀይ መሆን የነበረበት ውስጡ እንደ ወረቀት ነጭ ነው። ስንት ዓመት የዓይን ስር ክሬም ስሸጥ፣ አንድ ቀን እንኳ ያንን ቆዳ ግማሽ ጣት ዝቅ አድርጌ አይቼ አላውቅም።

አስተርጓሚ በስክሪን አመጡልን። ድምጿ ብቻ ነው፣ ሴት ናት። ዶክተሩ ደም እንደሚሰጧት፣ ደሟ በጣም እንዳነሰ ተናገረ፤ አስተርጓሚዋ አቀረበችው። እህቴ በደከመ ድምፅ፣ "ኧረ ደም ብዛት አለብኝ፣ እንዳትጨምሩብኝ" አለች።

አስተርጓሚዋ መጀመሪያ የእህቴን ቃል ለዶክተሩ አቀረበች። ከዚያ፣ "እናቴ፣ እኔ መተርጎም እንጂ ማስረዳት አልተፈቀደልኝም" አለች፤ ዶክተሩንም በእንግሊዝኛ አስፈቀደችው። "ደም ብዛት የምንለው ግፊቱን ነው። ደሙ ስሩን የሚገፋበት ኃይል ማለት ነው። የደሙ መጠን አይደለም። ግፊቱ ከፍ ብሎ ደሙ ራሱ ሊያንስ ይችላል።"

ይሄው ነው። ከደቂቃ አይበልጥም። ልጅቷ ታኅሣሥ ላይ ልትለው የፈለገችው ይሄንኑ ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር፤ አላየችኝም።

ዶክተሩ ቀጠለ። ድካሙ ከጀመረ ስንት ጊዜ ሆነው? አለ። በረዶ ያምራታል ወይ? ብሎ ጠየቀ፤ ደም ሲያንስ እንደዚያ የሚያደርጋቸው ሰዎች አሉ። እህቴ ወደኔ አየች። ያንን አስተያየቷን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ መስኮት ሰብሬ አባታችን ማን ነው ሲል እንደዚያ ነው የምታየኝ።

"ሁለት ሳምንት ቢሆነኝ ነው" አለች።

አስተርጓሚዋ አቀረበችው። ዶክተሩ ሊጽፍ ጎንበስ አለ።

"ስምንት ወር" አልኩ።

"ማን ነው የሚናገረው?" አለች አስተርጓሚዋ።

"ወንድሟ ነኝ። ስምንት ወር ነው በይው። በረዶም ትበላለች። ክኒኑንም ትታዋለች፤ እኔ ነኝ ተይው ያልኳት።"

እሷ ስትተረጉም የራሴን ነገር በሰው አፍ በእንግሊዝኛ ሰማሁት። ዶክተሩ አንገቱን ነቅንቆ ጻፈ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ደስ ባለኝ።

ሁለት ከረጢት ደም ሰጧት። በማግስቱ ከንፈሯ ቀላ፤ ከዓይኗ ስር ያለው ጥላ ሲሳሳ በዓይኔ አየሁት። እንደዚያ የሚሠራ ነገር ሸጬ አላውቅም። ደሙ የሚሄድበትን ሲፈልጉ ደግሞ ትልቁ አንጀቷ ላይ ዕጢ አገኙ። ጠብ ጠብ እያለ፣ ሳይታይ፣ ስንት ጊዜ ሲያፈስ እንደ ከረመ አይታወቅም። ማቀዝቀዣው ላይ የተቀመጠው ካርቶን የሚፈልገው እንደዚያ ያለውን ነበር። ቀዶ አወጡት፤ ግን ጉበቷ ላይ ደርሷል። ልጅቷ፣ "ታኅሣሥ ላይ ብንመጣ ኖሮ?" ብላ ጠየቀችው። ዶክተሩ ለዚህች እናት እንዲህ ይሆን ነበር ብዬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም አለ፤ ቀድሞ መምጣት ግን ሁልጊዜ ይሻላል አለ። የመጨረሻውን አስተርጓሚዋ ቀስ ብላ ነው ያለችው።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ሱቁን ዘግቼ ለኬሞ እወስዳታለሁ። መደርደሪያውን አፈረስከው ወይ የሚለኝ ሰው ካለ፣ አላፈረስኩም። ኪራይ አለብኝ። ግን ከዓይኑ ስር ጠቁሮ ፊቱ የገረጣ ሰው ሲመጣ፣ ከመሸጤ በፊት መጀመሪያ ደምህን ተመርመር እለዋለሁ። ሴቶቹ "ደግሞ ዶክተር ሆንክብን?" ይሉኛል። አንዳንዶቹ ተቀይመው ዳውንታውን ኦክላንድ ካለ ሌላ ሱቅ ሄደው ይገዛሉ። ይግዙ።

ባለፈው ማክሰኞ ከኬሞ መልሻት ቤት ገባን። ልጅቷ ሥራ ቀርታ እየጠበቀችን ነበር። እናቷን ሶፋው ላይ አስተኛቻት፣ እግሯን ሸፈነቻት፣ ክኒኖቿን በትንሽ ሳህን አመጣች። እኔ ልቀበላት እጄን ስዘረጋ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው።

እህቴ አየቻት። "እሱን ተይው" አለቻት። "እሱ ምን ያውቃል? ነጋዴ ነው።"

ለኔ ብላ ነው። ልትከላከልልኝ ነው። በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ ሌባም ተብያለሁ፤ እንደዚህ ወገቤን የቆረጠኝ ቃል ግን አላስታውስም።

"ታዲያ ለምን እሱን ሰማሽው?" አለች ልጅቷ።

እህቴ ጥያቄው ራሱ ገረማት። ከኔ ወደ ልጇ፣ ከልጇ ወደኔ አየች።

"ወንድሜ ነዋ" አለች፤ ክኒኑንም ከሳህኑ አንስታ ዋጠች።